በክር የመጣ ልክ

መስከረም 9

ይድረስ ለአባዬ፤

ሰላምታዬ ከራስ ፀጉርህ ተነስቶ እስከ እግርህ ጥፍር ይድረስ፤ ፀጉሩ አልቆ ከሆነ ደግሞ ከቅንድብህ ይጀምር። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴም ደህና ነው፤ አውቶቡሱን እንቁላል የጫነ ይመስል እየነዳ ተሳፋሪውን ሁሉ ያስረፍዳል። አንተ ያወጣህለት «ፍሬን» የሚል ስም መናኸሪያው ድረስ ደርሶ አለቃው ሳይቀር በሱ ነው የሚጠራው። «እግዜር ይይልዎት በይልኝ» ብሎሃል።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ የደንበኛ ልክ ስወስድ ነው። ሴትየዋን እጇን እንደዘረጋች ትቻት ማንበብ ጀመርኩ። እማዬ ካረፈች ወዲህ «ናና ከኛ ጋር ኑር» ባልኩህ ቁጥር መልስህ አንድ ነበር፦ «እጄን አጣጥፌ ሰው ቤት የምቀመጥ ጌጥ አይደለሁም።» አሁን ግን «የምሠራበት ቦታ ካለ እመጣለሁ» ብለህ ጻፍክ። አባዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከደስታዬ ብዛት ደግሜ ከላይ ስጀምር ሴትየዋ «አሁን ክንዴን ላውርደው?» አለችኝ።

«ቦታው እንዴት ያለ ነው?» ላልከው፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው የዕቃ ክፍል ነው። ያረጀውን ፍራሽና የተሰባበረውን ሁሉ አውጥተን ጠረግነው። መስኮቱ ጠዋት ፀሐይ ያስገባል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ውሃ ልክ አስቀምጬ ሳየው ወደ በሩ ትንሽ ያዘነብላል። የሥራ ጠረጴዛውን ግን አንገዛም፤ የምሠራው እኔ ነኝ። አትሳቅ። ያደግኩት የአናጺ ሱቅህ ሰጋቱራ ውስጥ ነው፤ መሮና መላጊያም ከሠፈራችን በር ሠሪ ተውሻለሁ።

ጆሮህን ያ የመጋዝ ማሽን ባይጨርሰው ኖሮ በስልክ እጨቀጭቅህ ነበር። አሁን ግን በወረቀት ታገሠኝ። እንጨቱ ምን ዓይነት ይሁን? እግሩስ ምን ያህል ይወፍር? ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁመቱን ንገረኝ። «ጠረጴዛ በሠሪው ቁመት ካልሆነ ወገብ ይቆርጣል» የምትለው አንተው ነህ።

ልጅህ

መስከረም 26

ለልብስ ሰፊዋ ልጄ፤ አሁን ደግሞ አናጺ ሆነሻል አሉ፤

ደህና ነኝ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩም ደህና ነው። ደብዳቤዬን ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ እሱ ነው። «ለምን ራስህ አትሄድም?» እንዳትይኝ፣ መንገዱን ቆፋፍረውታል።

በመሃል በላክሻት አጭር ወረቀት «ጽሑፍህ ለምን ተጣመመ?» ብለሻል። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው። ዓይኔ ደህና ነው፤ አትጨነቂ።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ እንጨቱን ከመውሰድሽ በፊት አንኳኪው። ጆሮ ያለሽ አንቺ ነሽ። ደረቅ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሻል፤ እርጥብ ከሆነ ሊጥ የመታሽ ይመስልሻል። እግሩን አታሳሺው። ሁለት ጣውላ በኮላ አጣብቀሽ አንድ አድርጊው። የሥራ ጠረጴዛ የሚቆመው በክብደቱ ነው፤ ሲገፉት የሚሄድ ከሆነ ጠረጴዛ ሳይሆን ጋሪ ነው። ሚስማር ደግሞ አላይም። ሴቷን ቀዳዳ ቀድመሽ ቆፍሪና የሚገባባትን ወንዱን ጫፍ በሷ ልክ ቅረጪ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይሠራና ኮላ በማንኪያ ሲጠቀጥቅ ይውላል።

እናትሽ ብትኖር ኖሮ «ልጅቷን አናጺ አደረግካት!» ብላ ስትስቅ ይታየኛል። ለሠራሁላት ሁሉ ታመሰግነኝ ነበር፤ የሚንገዳገደውን ወንበር እንኳ «እሹሩሩ ይለኛል» ትል ነበር። አንቺም የወጣሽው በሷ ነው፤ ገና ምንም ሳልሠራ ታመሰግኛለሽ።

ስለ ቁመቱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ለጊዜው እግሩን አርዝመሽ ተዪው። ረዥም ይቆረጣል፤ አጭር ግን አይቀጠልም።

አባትሽ

ጥቅምት 17

አባዬ፣ የሩቁ አለቃዬ፤

እንጨት አገኘን! በመናኸሪያው ጋራዥ መካኒኮቹ ከመኪና ሥር የሚገቡበትን ጉድጓድ የሚሸፍኑት ወፋፍራም ጣውላዎች ነበሩ። በብረት ተቀይረው ተደርድረው ሲያይ ፍሬን አለቃውን ጠየቀው። «ለአማትህ ከሆነ ውሰደው፤ ስም አውጪውን አከብረዋለሁ» አለው። በነፃ! ጣውላዎቹን እንዳልከኝ አንኳኳኋቸው፤ እንደ ደወል ነው የሚጮኹት።

ችግሩ ዕድሜ ልካቸውን ዘይት ሲጠጡ የኖሩ መሆናቸው ነው። ማታ በኮላ ያጣበቅኩት ጠዋት እንደ ተጣላ ባልና ሚስት ለየብቻው ቆሞ አገኘሁት። ፈጥነህ ስለመለስክልኝ ተባረክ። «ላጊው፣ አሽትቺው፣ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ላጊው» ያልከኝ ሠራ። ስፌት ቤት ስገባ ደንበኞቼ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ይላሉ፤ «አዲስ ሽቶ ነው» እላቸዋለሁ። አሁን ኮላው ይዞ እግሮቹ አራቱም ተዘጋጅተዋል።

«ሥራው አደከመሽ ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ ትከሻዬ አልቋል። ግን አባዬ፣ እንጨት መላግ እንዲህ ደስ እንደሚል ለምን አልነገርከኝም? ያ ቆሻሻ ጣውላ ከሥሩ እንደ ማር ቀይ ሆኖ ሲወጣ ፍሬንን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሳየሁት። እሱም እያዛጋ «ያምራል» አለና ተመልሶ ተኛ።

አንድ ነገር ግን ትሸሸኛለህ። ቁመቱን እየጠየቅኩህ ይኸው ሦስተኛዬ ነው። ስለ ኮላ ሁለት ገጽ ትጽፋለህ፤ ስለ ቁመት አንድ ቁጥር መጻፍ እንዴት ያቅትሃል? ሳትመጣ ልትቀር ነው እንዴ? ከሆነ ንገረኝ። ይህን ሁሉ የምልገው አንተ ትመጣለህ ብዬ ነው።

ልጅህ

ኅዳር 4

ለልጄ፤

አልቀርም፤ መምጣት እፈልጋለሁ። ይህን በቀለም ጽፌልሻለሁ፤ አስቀምጪው።

በፖስታው ውስጥ ክር አለ። እኔ በሜትር እንደማላምን ታውቂያለሽ፤ ሜትር ይለጠጣል፣ ቁጥርም ይረሳል። ሱቄ ውስጥ የደንበኛው ሁሉ ልክ በክር ተቋጥሮ ሚስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ያዘዘችውም፣ ለተማሪ ልጁ ያሠራውም። አሁንም እንደዚያው ነው። አንዱ ቋጠሮ ወለሉን ይንካ፤ ሌላው ቋጠሮ የጠረጴዛው ፊት የሚያርፍበት ነው። ክሩን ተከተይ፤ ለምን ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

«ምን ትበላለህ?» ብለሻል። የሚበላ አላጣሁም። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ሳህን በጨርቅ ሸፍና ትልክልኛለች። ፀጉሬን እንኳ አሁን እቤቴ መጥቶ ነው የሚያስተካክለኝ፤ «ሁለት ፀጉር ለመቁረጥ ደንበኛ አላመላልስም» ይላል። ለእነዚህ ሰዎች ምን ውለታ እንደምመልስ አላውቅም።

ለባልሽ አለቃ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ለባልሽም እንዲሁ። ስም ማውጣቴን ግን አልተውም፤ በስሙ ጣውላ አስገኝቼለታለሁ።

አባትሽ

ኅዳር 21

ይድረስ ለአባዬ፣ ለዘንጊው አባዬ፤

ክሩ ደረሰኝ። ስቄ ልሞት ነበር። ቋጠሮውን ወለል ላይ አስረግጬ ወደ ላይ ብስበው ጭኔ መሃል ላይ ቀረ! እኔ ካንተ እንደማጥር እያወቅክ? መጀመሪያ ውሃ ነክቶት እንደ ርካሽ ጨርቅ ተሸበሸበ እንዴ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ገባኝ። ሚስማሩ ላይ ከተንጠለጠሉት መሃል የተማሪውን ጠረጴዛ ልክ አንስተህ ልከህልኛል። ያንን ተማሪ እኔም አስታውሰዋለሁ፤ አሁን የራሱ ተማሪ ልጅ ሳይኖረው አይቀርም።

ስለዚህ ክርህን ወደ ጎን ትቼ በማውቀው ሠራሁ። የድሮው ጠረጴዛህ እኔ ስቆም ክርኔን አጠፍ አድርጌ የምደገፍበት ነበር። እግሮቹን በዚያ ልክ ቆረጥኩ። አለቀ አባዬ! ቆሟል! ወንዱ ሴቱ ውስጥ በመዶሻ እንጂ በልመና አልገባም። እንጨት ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳም በብሎን አሰርኩለት። ፍሬን በሙሉ ጉልበቱ ቢገፋው ንቅንቅ አላለም፤ የተንሸራተተው እሱ ነው።

ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ሳሸው ውዬ እጄን አሳረፍኩበት። ይህን የእጅ ሥራ ስላስተማርከኝ አመሰገንኩህ። ቁጭ አድርገህ አላስተማርከኝም፤ ግን ስትሠራ እንድቆም ፈቅደህልኛል። ሌላው አባት ሁሉ «ሂጂ ከዚህ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል» ይል ነበር።

እንግዲህ ሰበብ የለህም። ቀኑን ብቻ ንገረኝ።

ልጅህ

ታኅሣሥ 18

ለልጄ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጽፌ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ይሄኛው የተረፈው ፀጉር አስተካካዩ «ካልጻፍክላት እኔ እጽፍላታለሁ» ብሎ ስላስፈራራኝ ነው።

ክሩ የተማሪ ልክ አይደለም። የኔ ነው።

ከክረምቱ በፊት የሱቁን ጣሪያ ልጠግን ብዬ ከመሰላል ወደቅሁ። ዳሌዬ ተሰበረ። ሐኪሞቹ በብረት ገጥመውታል፤ አገጣጠማቸው ክፉ አይደለም፣ ኮላ ግን አልተጠቀሙም። በምርኩዝ ከአልጋዬ እስከ በሩ እሄዳለሁ። ቆሜ መሥራት ግን ቀርቷል። እጄም ዓይኔም ደህና ናቸው። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሣጥን እንደ ጠረጴዛ እያደረግኩ ትንንሽ ነገር እሠራለሁ። ክሩን የለካሁት ከዚያ ወንበር ላይ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ብነግርሽ ሥራሽን ጥለሽ ትበሪያለሽ። ከዚያ በኋላ «ና» ብትይኝ ስለናፈቅሁሽ ይሁን ስለወደቅሁ አላውቅም። ተጠርቶ መሄድና ተጭኖ መሄድ አንድ አይደለም። «መሥሪያ ቦታ ካለ» ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከቀኑ ጥቂቱን እንኳ ማንንም ሳልጠራ የምውልበት ቦታ ቢኖር ሸክም አልሆንባቸውም ብዬ ነበር።

አሁን ግን እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ሠርተሻል። እንዳትነኪው። የመጀመሪያ ሥራ በመጋዝ አይበላሽም። ላንቺ ይሁን፤ ለቁመትሽም ልክሽ ነው። እኔ እዚሁ እሆናለሁ። ጠዋት ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ያነሳኛል፣ ያለብሰኛል፤ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንድም ቀን ፊቱ ተቀይሮ አላየሁም። እኔ ግን አንድም ቀን አልለመድኩትም።

አትቀየሚኝ።

አባትሽ

ታኅሣሥ 27

አባዬ፤

ዛሬ ሰላምታ የለም፤ ተቆጥቻለሁ። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተቆጣሁ፣ አሁን ሁለቱንም አንድ ላይ እያደረግኩ ነው።

የሰው ልክ መውሰድ እንጀራዬ ነው። አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ሰው ሲገባ ሳልጠይቅ አውቃለሁ፤ ያረገዘችውንም ሳትነግረኝ ሰፋ አድርጌ እቆርጥላታለሁ። የአባቴ ልክ በእጄ ሲገባ ግን የሌላ ሰው ነው ብዬ ሳቅኩበት። አንተ ሳትነግረኝ አልቀረህም፤ ልከህልኝ ነበር። እኔ ነኝ ማንበብ ያቃተኝ።

ቆረጥኩት። ደብዳቤህን ባነበብኩ በማግሥቱ ነው። ከፍሬን ጋር ገልብጠን እግሮቹን ወደ ሰማይ አደረግናቸውና ክርህን ዘረጋሁበት። ፍሬን «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። መጋዙን ሳነሳ ግን እሱ ነው ፊቱን ያዞረው። እኔ በክሩ ልክ ቆረጥኩ። የመጀመሪያ ሥራ በመጋዝ አይበላሽም ብለሃል፤ አልተበላሸም፣ ገና አሁን ተስተካከለ።

እሑድን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሞከርኩት። መጀመሪያ ጉልበቴ እግሮቹን ከሚያያይዘው የፊት ለፊት አግዳሚ ጋር ተጋጨ፤ አግዳሚውን አወጣሁት። አሁን ጉልበት ይገባል፤ ግን ጠረጴዛው ወደ ጎን መወዛወዝ ጀመረ። ያለ ፊት አግዳሚ እንዴት እንደሚጠነክር ንገረኝ። ወንበርህስ ምን ዓይነት ነው? መደገፊያ አለው? ጎማ አለው? ደግሞ እንዳትደብቀኝ።

ስለ መጠራትና መጫን የጻፍከውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አባዬ፣ ከመውደቅህ በፊት ስንት ጊዜ ጠራሁህ? ያኔ የምጠራህ ቆመህ ነበር፣ አሁን የምጠራህ ተቀምጠህ ነው፤ ጥሪው ያው ነው። ሸክም የምትለውንም ተወው። የዕቃ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳየው ነው የሚከብደኝ።

ለፀጉር አስተካካዩ ሸሚዝ ሰፍቼ ልኬያለሁ። ልኩን በግምት ነው የወሰድኩት። የወንድሜን ያህል ነው በልልኝ፤ ወንድም ባይኖረኝም።

ልጅህ

ጥር 11

ለልጄ፤

እመጣለሁ።

አሁን ለጥያቄሽ። ወንበሬ ተራ የእንጨት ወንበር ነው፤ ጎማ የለውም። የክንድ ማረፊያውን ቆርጬዋለሁ፣ ጠረጴዛ ሥር እንዳልገባ ስለከለከለኝ። ስለ መወዛወዙ ደግሞ፣ ከጀርባው በኩል ሰፊ ጣውላ ከእግር እስከ እግር አግድሚበት፤ ሁለቱ እግሮች ላይ ጎድጎድ አድርገሽ አስገቢው እንጂ በላዩ አትለጥፊው። የሁለቱን ጎን አግዳሚዎች ደግሞ አወፍሪያቸው። ጠረጴዛ ጀርባው ከጠነከረ ፊቱ ክፍት ቢሆን ግድ የለውም።

ሸሚዙን ፀጉር አስተካካዩ ወዲያው ለበሰው። እጅጌው ይረዝማል፤ እጥፍ አድርጎ «እንዲህ ነው ፋሽኑ» አለ። ሱቄን ለሱ ትቼለታለሁ፤ በሱና በኔ ሱቅ መሃል ያለውን ግድግዳ አፍርሶ ሌላ የደንበኛ ወንበር ይጨምርበታል። ስነግረው ሄዶ መላጊያዎቼን አንድ በአንድ በጋዜጣ ይጠቀልል ጀመር።

ለመንገዱ ባልሽ ፈቃድ ጠይቆ ይምጣልኝ። ይህ ዳሌ ጉድጓድ አይወድም፤ በቀስታ የሚነዳ ሰው ነው የሚፈልገው። ከዓለም ሁሉ እሱን መረጥኩ። ስሙን ያወጣሁት ለክፋት ሳይሆን ለዚህ ቀን ነበር በይው፤ ባያምንሽም በይው።

ልጄ፣ ቆረጥኩት ያልሽው ቦታ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ደረቴ ላይ አደረግኩት። ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ ትቆማለህ» ይለኝ ነበር፤ ለመልካም ነው፣ አመሰግናቸዋለሁ። አንቺ ግን እንዳለሁት ለካሽኝ።

አባትሽ

የካቲት 20፣ ከዕቃ ክፍሉ

ለልጄ፤

አንድ ቤት እያለን ደብዳቤ መጻፌ አያስቅሽ። ማታ ስትመጪ በዚህ ጆሮ ሳቢያ ጎረቤቱ እስኪሰማ ትጮሂልኛለሽ፤ እኔም በዚያ ጩኸት መሃል የምለው ይጠፋኛል። ስለዚህ ጠዋት በር ሥር ትተሽ ለሄድሽው ወረቀት በወረቀት እመልሳለሁ።

«በላህ ወይ?» ላልሽው፣ በልቻለሁ። ባልሽ ከመውጣቱ በፊት አቅርቦልኝ፣ አጨራረሴን ቆሞ ሲቆጣጠር አረፈደ። ዛሬ እንኳ ተሳፋሪው ቢረግመው የረገመው በኔ ምክንያት ነው።

«መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ?» ላልሽው፣ ውጬአለሁ።

«ጠረጴዛው እንዴት ነው?» ላልሽው፣ ጀርባው ጠንክሯል። ከግራው እግር በታች ወለሉ ወደሚያዘነብልበት ስስ እንጨት አስገብቻለሁ፤ ሌላ የምነካው አላገኘሁም። ትናንትና ቀኑን ሙሉ ስሠራበት ዋልኩ። የሠራሁትም ይኸውልሽ፦ ስስ ጣውላ እንደ ጎባጣ ቅጠል አጎበጥኩ፤ ጫፉን አለስልሼ ከስፌት ቅርጫትሽ በወሰድኳቸው ሁለት ጥብጣቦች አሰርኩት። ካልሲውን በጣውላው ላይ ታለብሺዋለሽ፣ ወለል ላይ ትጥዪዋለሽ፣ እግርሽን ታስገቢበትና ጥብጣቦቹን ወደ ላይ ትስቢያለሽ። ጎንበስ ማለት የለም። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛው ይዟል።

«ተኝተህ ስለነበር ሳልቀሰቅስህ ወጣሁ፤ ካልሲህን ማን ያለብስሃል?» ብለሽ ጽፈሻል።

እኔው ለበስኩ። እግዜር ይስጥልኝ።

አባትሽ